ዘይቱን የቀየርኩት ራሴ ነኝ፤ ማስረጃ ግን የለኝም

ደብዳቤው

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በኮምቦልቻ አሰብ መንገድ ኤንትሬ እየነዳ ነው ያሳደገን። ዘይት መቀየር፣ ፊልትሮ ማሰር፣ ጎማ መፍታት የተማርኩት ከእሱ ነው። እዚህም መኪናዬን ለሰው መስጠት አልወድም።

በ2023 አዲስ ቶዮታ ራቭ 4 ገዛሁ። እስከ 25,000 ማይል ሰርቪሱ ነፃ ስለነበር ዲለሩ ጋ አሠራሁ። ከዚያ በኋላ በ30፣ በ35 እና በ40 ሺህ ማይል ዘይቱንና ፊልትሮውን ቤቴ በር ላይ ራሴ ቀየርኩ። አሁን 44,000 ደርሷል። ከሁለት ወር ወዲህ ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዘይቱም በመሃል ይጎድላል። ዲለሩ ጋ ስደውል የሰርቪሱ ሰው «የት ነው ያሠራሽው?» አለኝ። «ራሴ» ስለው «እንግዲያው ዋስትናው አይሠራልሽም» አለኝ።

ደረሰኞቹን ፈልጌ አንድ ብቻ አገኘሁ። እሱም ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ጋራዥ ያላቸው አንድ የአገራችን ሰው «አታስቢ፣ ለሦስቱም ደረሰኝ እሠራልሻለሁ» አሉኝ። ባለቤቴ ተቀበይ ይለኛል። ቅዳሜና እሁድ ኡበር ይሠራበታል፤ መኪናው ከቆመ እንጎዳለን። እኔ ግን ልቤ አልወደደውም። ምን ይሻለኛል?

የሾፌር ልጅ»

መልስ

እህቴ የሾፌር ልጅ፣

ልብሽ ያልወደደውን ነገር አታድርጊው። ወደ እሱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስልኩን ያነሳው ሰው የነገረሽን እናስተካክል፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛልና።

ዘይትሽን ራስሽ ስለቀየርሽ ብቻ ዋስትናሽ አይፈርስም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ስሙን ያገኘው ካረቀቁት ከሴናተር ዋረን ማግነሰንና ከምክር ቤት አባሉ ከጆን ሞስ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አምራቹ «የእኔን ዕቃ ካልገዛሽ፣ እኔ ጋ ካላሠራሽ ዋስትና የለሽም» ሊልሽ አይችልም። እንዲህ ማለት የሚችለው ዕቃውን ወይም ሥራውን በነፃ ሲሰጥሽ ነው፤ አለበለዚያ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ኮሚሽኑ ለመኪና ባለቤቶች በሚሰጠው ምክርም ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። የተለመደውን ሰርቪስ ሌላ መካኒክ ቢሠራው ወይም አንቺ ራስሽ ብትሠሪው፣ በዚያ ብቻ ዋስትናን መከልከል ሕገ ወጥ ነው። ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግም አይደለም። በ2022 ኮሚሽኑ የሞተር ሳይክል አምራቹን ሃርሊ ዴቪድሰንን፣ የሌላ ኩባንያ ዕቃ መጠቀም ዋስትናን ያሳጣል የሚሉ ቃላትን ከዋስትናው እንዲያወጣ አድርጎታል።

ስለዚህ ሰውዬው ተሳስቷል። ክፋት አስቦ ነው አልልም። ብዙዎቹ የሰርቪስ ሠራተኞች እንደዚያ ሲባል ሰምተው ነው የሚደግሙት።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እይው። ሕጉ የማንም እጅ ይሥራው አለ እንጂ አይሠራ አላለም። መኪናው አብሮት በመጣው የአጠቃቀም መጽሐፍ መሠረት ሰርቪስ ካልተደረገ፣ ብልሽቱም ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ አምራቹ ሊከለክልሽ ይችላል። ማስረጃ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። የመስኮት ሞተር ቢበላሽ ስለ ዘይት የሚጠይቅሽ የለም። ሞተሩ ዘይት ሲበላ ግን መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ዘይቱ በጊዜው ተቀይሯል?» ነው። ያንቺ ችግር ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ ነው የወደቀው።

የዋስትናሽ ጊዜ አላለፈም። የቶዮታ መሠረታዊው ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፤ እሱን አልፈሽዋል። የሞተርና የካምቢዮው ግን 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። የሞተሩ የውስጥ ዕቃዎች፣ የዘይት ፓምፑ፣ ጓርኒሲዮኖቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። አንቺ 44,000 ላይ ነሽ። የምትከራከሪበት ነገር አለሽ።

አባትሽን ሳላነሳ አላልፍም። ያን ዘመን መኪናቸው ዘይት መቼ እንደተቀየረላት ያውቁ የነበረው በጭንቅላታቸው ይመስለኛል። ባለንብረቱም ያምናቸው ነበር፤ ያውቃቸዋላ። እኛም ከዚያ ባህል ነው የመጣነው። መካኒኩ ሰፈራችን ነው፣ ቃሉ ይበቃል። እዚህ አገር ግን ካውንተሩ ጀርባ የቆመው ሰው አያውቅሽም። ውሳኔውን የሚሰጠው የአምራቹ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይቶሽም አያውቅ። ሊያምንሽ ቢፈልግ እንኳ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ሰምተሽ የለ?

እኔም ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት የመኪናዬ ካምቢዮ ተበላሸ። ዘይቱን በጊዜው ቀይሬለት ነበር። ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ አድርጌ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ፖስታውን ስከፍት ግማሾቹ ባዶ ነበሩ። የሱቅ ደረሰኝ የሚታተመው ሙቀት በሚነካው ወረቀት ላይ ነው። የቆመ መኪና ውስጥ ሁለት ክረምት ካሳለፈ ጽሑፉ ይበናል። እዚህ አገር ደግሞ ክረምት ማለት ያ ሐምሌና ነሐሴ የሚያቃጥለው ነው። ለሠራሁት ሥራ ማስረጃ አጥቼ ገንዘቡን ከኪሴ ከፈልኩ። ያንቺን ነጭ ወረቀት ሳነብ ያ ቀን ነው የታወሰኝ።

አሁን ስለ ደረሰኙ። ሰውዬው ሊረዱሽ ነው ያሰቡት፤ ልባቸውን አልጠራጠርም። ግን የሚሰጡሽ ወረቀት ያልሠሩትን ሥራ ሠራሁ የሚል ነው። ያን ይዘሽ ከባድ ጥገና በነፃ ይሠራልኝ ብለሽ ብትጠይቂ ማጭበርበር ነው። ሕጉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው። ያስጠይቅሻል፣ እሳቸውንም ያስጠይቃቸዋል። ደግሞ መያዙ ከባድ አይደለም። ለአምራቹ የሚሠራ መርማሪ የጋራዡን የደረሰኝ ቁጥር ተከታታይነት ያያል። ፊልትሮው ከየት ተገዛ ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ቀን መኪናሽ ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያሳይ ነገር ሊያገኝ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። አንቺ እኮ ሥራውን በእውነት ሠርተሻል! እውነትሽን በውሸት ወረቀት ካስደገፍሽው፣ ውሸቱ የተያዘ ቀን እውነቱም አብሮ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የምትናገሪውን ማንም አይሰማም። ባለቤትሽንም እንዲህ ብለሽ አስረጂው። መኪናው ለሁለት ሳምንት ቢቆም ትጎዳላችሁ፤ በሐሰት ደረሰኝ ብትያዙ ግን ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም።

ይልቅ እውነተኛውን ማስረጃ እንሰብስብ። ከምታስቢው በላይ አለሽ።

ዘይቱንና ፊልትሮውን በካርድ ነው የገዛሽው? እንግዲያው ባንክሽ ቀኑን፣ ሱቁንና ዋጋውን ይዟል። ወደ ኋላ ተመልሰሽ አውጪው። የባንኩ መዝገብ ምን እንደገዛሽ አይናገርም። ስለዚህ ቀጥሎ ሱቁ ጋ ሂጂ። በስልክ ቁጥርሽ ወይም በአባልነት ካርድሽ ከገዛሽ፣ ብዙ የመኪና ዕቃ ሱቆችና እንደ ኮስትኮ ያሉ መደብሮች ያለፈውን ግዢ በዝርዝር ማየት ይቻልላቸዋል። በኢንተርኔት የገዛሽው ካለ ኢሜይልሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስልክሽንም ፈትሺ። ያኔ ለእህትሽ «እየው ዛሬ የሠራሁትን» ብለሽ የላክሽላት ፎቶ ይኖር ይሆናል። ፎቶው የተነሳበትን ቀን ስልኩ ይይዛል። ጎማ ያስቀየርሽበት ወይም የጎማዎቹን ቦታ ያለዋወጥሽበት ደረሰኝ ካለ ማይሉ ተጽፎበታል፤ እሱም መኪናው በዚያ ወር የት እንደደረሰ ያሳያል። እስከ 25,000 ያለው ሰርቪስ ደግሞ ዲለሩ ራሱ ጋ ተመዝግቧል። አትርሺው፣ ግማሹ ታሪክሽ እነሱ እጅ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አስፍሪው። ከላይ ስምሽ፣ የመኪናው ሞዴል፣ የሻንሲ ቁጥሩ። ከታች ሦስቱ ቅየራዎች በየቀናቸውና በየማይላቸው። ማይሉን በትክክል የማታውቂው ከሆነ «ወደ» የሚል ቃል ጨምሪበት። ገጹ አናት ላይም ይህ ዝርዝር ዛሬ፣ በዚህ ቀን፣ ከባንክ መዝገብና ከፎቶ የተሰበሰበ መሆኑን ጻፊ። ያኔ የተጻፈ አታስመስዪው። በኋላ የተሰበሰበ ግን እውነተኛ የሆነ ዝርዝር ያስከብርሻል።

የዘይቱን ዓይነትም ተመልከቺ። የራቭ 4 ባለ 2.5 ሊትሩ ሞተር መጽሐፉ የሚጠይቀው ዜሮ ደብሊው 16 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ነው፤ ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ያሳያል። ከሦስቱ በአንዱ ዜሮ ደብሊው 20 ገዝተሽ ከሆነ አትደንግጪ። 16ቱ ካልተገኘ 20ውን መጠቀም እንደሚቻል፣ በሚቀጥለው ቅየራ ግን ወደ 16 መመለስ እንዳለበት መጽሐፉ ራሱ ይላል። ያለውን እንዳለ ጻፊ።

የኡበሩንም ነገር አትደብቂ። ቶዮታ ለተለመደ አነዳድ ዘይቱ በ10,000 ማይል ወይም በ12 ወር ይቀየር ይላል። እንደ ታክሲና ቤት ለቤት ማድረስ ላለ፣ ብዙ ለሚቆምና ቀስ እያለ ረጅም መንገድ ለሚሄድ መኪና ግን በ5,000 ማይል ወይም በ6 ወር ነው። አንቺ በየ5,000 ነው የቀየርሽው። ሁለቱንም አሟልተሻል ማለት ነው፣ 6 ወሩ ካላለፈ። ሌላ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለምሳሌ የሃዩንዳይ የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የሞተር ዋስትና ለታክሲ፣ ለዕቃ ማመላለሻና ለኪራይ የሚሠራ መኪናን አይጨምርም። ኡበር ከመጀመራችሁ በፊት የዋስትና መጽሐፉን ገልጣችሁ «ለንግድ» የሚለውን ክፍል አንብቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሪ። ነዳጅ በቀዳሽ ቁጥር የዘይቱን መጠን እዪ። ከጎደለ ሙዪው፤ ቀኑን፣ ማይሉንና የጨመርሽውን መጠን ጻፊ። «ግማሽ ኳርት» ብለሽ። ሞተሩ ዘይት አልቆበት ቢነክስ ጥፋቱ ያንቺ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሕጉም አያድንሽም። የጨመርሽውን ከጻፍሽ ግን ሞተሩ ምን ያህል እንደሚበላ ማስረጃ ሆነልሽ።

ቀጥሎ ቀጠሮ ያዢ። ስልክ ላይ አትከራከሪ፤ መኪናውን ይዘሽ ሂጂ። የሚቀጥለው ቅየራ 45,000 ላይ ነው አይደል? ይቺን አንዷን እዚያው አሠሪያት። ራስሽ ብትሠሪያት መብትሽ ነው፤ ግን አሁን የሚጠቅምሽ ይህ ነው። ዘይት ይበላል በሚባል ሞተር ላይ ዲለሮች ዘይቱን ሞልተው፣ መለኪያውን አሽገው፣ አንድ ሺህ ማይል ገደማ ነድተሽ እንድትመለሺ ያደርጋሉ። ስንት እንደጎደለ ያኔ ይለካል። ፈተናው በራሳቸው እጅ ከተጀመረ የሚከራከሩበት ነገር ይቀንሳል።

መኪናውን ስታስረክቢ የሥራ ትእዛዙ ላይ ችግሩ ባንቺ ቃል ይጻፍ። «ጠዋት ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በዚህን ያህል ማይል ይህን ያህል ዘይት ጎደለ።» ቀኑና ማይሉ ይኑርበት። ቅጂውን ሳትይዢ አትውጪ። «ይህ የተለመደ ነው» ብለው ቢመልሱሽ እንኳ፣ ችግሩን በዋስትናው ጊዜ ውስጥ እንዳመለከትሽ ያ ወረቀት ይመሰክራል። የሰበሰብሽውንም ስጪያቸው፣ ግን ቅጂውን ብቻ። ሞተሩን እንፍታው ካሉ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ዋስትናው ካልሸፈነው የመፍቻውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቂ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሳያነብ ፈርሞ ይጎዳል።

ከከለከሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። «ራስሽ ስለቀየርሽ ነው» ብሎ በፊርማው የሚጽፍ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ሕጉን የሚያውቅ አለቃ ካለው አይጽፈውም። ከዚያ የአምራቹን ደንበኞች አገልግሎት ጥሪ፤ ስልኩ የዋስትና መጽሐፉ ውስጥ አለ። ሌላ የቶዮታ ዲለር ጋም መሄድ ትችያለሽ፤ ዋስትናው የአምራቹ እንጂ የዚያ አንድ ዲለር አይደለም። ካልሆነ የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለ። አቤቱታ ተቀብሎ በመካከል ገብቶ ያስማማል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑም አቤቱታ ይቀበላል።

መኪናውን ስትገዢ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ «የተራዘመ ዋስትና» ብለሽ የፈረምሽው ነገር ካለ ለብቻው አንብቢው። እሱ የአገልግሎት ውል ነው። ስለ ሰርቪስ ማስረጃ የሚጠይቀው ከአምራቹ ዋስትና የጠበቀ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥርሽንም የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቢና የጥሪ ጥገና፣ ማለትም አምራቹ ጉድለት አግኝቶ መኪኖቹን መልሶ የሚጠራበት ነፃ ጥገና፣ እንዳለው እዪ። ለጥሪ ጥገና ማንም የዘይት ደረሰኝ አይጠይቅሽም።

ከእንግዲህ ላለው ቅየራ አንድ ደብተር ግዢ። ደብተሩ ቤት ይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ አይሁን። በእንግሊዝኛና በአሜሪካ አቆጣጠር ጻፊ። ይህን የምለው ብዙ የእኛ ሰው ሳያስበው «መስከረም 12» ብሎ ስለሚጽፍ ነው፤ ማስረጃውን የሚያነበው ሰው ምንም አይገባውም። ቀን፣ ማይል፣ የሠራሽው ሥራ፣ የዘይቱ ስምና ቁጥር፣ የሞላሽው መጠን፣ የፊልትሮው ቁጥር። የተመለከትሽውንም ጻፊ። ፍሬኑን አይተሽ ደህና ከሆነ «አየሁት፣ ደህና ነው» በዪ። መጽሐፉ ከሚያዘው ሥራ ብዙው መመልከት ነው፤ ያልተጻፈ ምርመራ ደግሞ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ደረሰኝ መግዛትሽን እንጂ መሙላትሽን አያሳይም። ሁለቱን የሚያገናኘው ፎቶ ነው። ሥራውን ስትጀምሪ ማይል ቆጣሪውን አንሺው። የዘይቱን ጀሪካን፣ አዲሱን ፊልትሮና ደረሰኙን ታርጋው አጠገብ አድርገሽ አንድ ፎቶ ድገሚ። ማታውኑ ሁሉንም ለራስሽ በኢሜይል ላኪው። የኢሜይሉን ቀን አንቺ ብትፈልጊም መቀየር አትችዪም፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቤት ውስጥ ሌላ መኪናም ካለ ደረሰኙ ላይ ለየትኛው እንደሆነ በእስክሪብቶ ጻፊበት። የተቃጠለውን ዘይት የመኪና ዕቃ ሱቆች በነፃ ይቀበሉሻል፤ ዛፍ ሥር አይደፋ።

ጋራዥ ያላቸውን ሰው እንዳታስቀይሚያቸው እንደምትጨነቂ ይገባኛል። የአገር ሰው ሲረዳ እምቢ ማለት ይከብዳል። እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያለፈውን ተዉልኝ፤ የዛሬውን ግን ይሥሩልኝ።» ከዲለሩ ቀጠሮ በፊት መኪናውን ያንሱትና ይዩት። ዘይት የሚያንጠባጥብ ቦታ መኖር አለመኖሩን፣ የዘይቱን መጠን፣ ድምፁ ከየት በኩል እንደሚሰማ። ያዩትን በራሳቸው ደረሰኝ ላይ፣ በዛሬ ቀንና በዛሬው ማይል ይጻፉልሽ። የሠሩበትንም ክፈያቸው። ያን ወረቀት የመጀመሪያው አድርገሽ ደብተሩ ውስጥ ለጥፊው። ፎቶውን ማንሳትም አትርሺ።